«ቡድኑ ከተማውን ከለቀቀ ወዲህ አባትና ልጅ አይነጋገሩም»

ጥያቄ፦ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ስንኖር 30 ዓመት ሊሞላን ነው። ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ሲነዳ በሬዲዮ እየሰማ ቤዝቦል ወደደ፤ ልጃችንንም ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ስታዲየም ይወስደው ነበር። ቡድኑ ኤይስ ከተማውን ከለቀቀ ወዲህ እራት በቀረበ ቁጥር ወሬው ስለ ቡድኑ ባለሀብትና ስለተለቀቁት ተጫዋቾች ነው። አሁንም «ተሸነፍን» ይላል። ከሁለት ወር በፊት እንግዶች ባሉበት የ17 ዓመቱ ልጃችን «የአባዬ ስታዲየም እኮ የፖሰም ቤት ነበር» ብሎ፣ እዚያ በተገኘ የዱር እንስሳ ቀልዶ፣ አሳቃቸው። አባቱ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለልጁ «ብላ» እና «በሩን ዝጋ» ከማለት በቀር ቃል አይተነፍስም። ለኳስ እንዲህ ይኮናል? አእምሮው ተነክቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የገለጹልኝ ነገር ለእኔ የአእምሮ መነካት አይመስለኝም። ባለቤትዎ ኀዘን ላይ ናቸው፤ ለቅሶ የደረሳቸው ግን የለም።

ምን እንዳጡ አብረን እንይ። ቡድኑ በ1968 (እንደ ፈረንጆቹ) ከካንሳስ ሲቲ መጥቶ 57 የውድድር ዘመን ኦክላንድ ላይ ተጫውቷል፤ አራት ጊዜም ሻምፒዮን ሆኗል። የከተማዋ ሌሎች ቡድኖች ቀድመው ሄደዋል፤ የቅርጫት ኳሱ ዋሪየርስ በ2019 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ፣ የአሜሪካ ፉትቦሉ ሬይደርስ በ2020 ወደ ላስ ቬጋስ። ኤይስ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 ቴክሳስን 3 ለ 2 ሲያሸንፍ 46,889 ሰው ሊሰናበተው መጥቶ ነበር። አገሩን ትቶ ለመጣ፣ ሌሊቱን ብቻውን መሪ ይዞ ለሚያድር ሰው ያ የሬዲዮ ድምፅ በአዲሱ ከተማ «እኛ» የሚልበትን ነገር ሰጥቶታል።

«እኛ» የምትለዋን ቃል አትናቋት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ በ1976 ባወጡት ጥናት፣ ደጋፊዎች ቡድናቸው ሲያሸንፍ «አሸነፍን» ማለት ይቀናቸዋል፤ ሲሸነፍ ግን ራሳቸውን ያርቃሉ። ቡድኑ በ2023 ብቻ 112 ጊዜ ተሸንፏል። ባለቤትዎ ዛሬም «ተሸነፍን» ካሉ ለድል ብለው የተጠጉ ሰው አይደሉም።

ነገሩን የሚያከብደው ቡድኑ ጨርሶ አለመጥፋቱ ነው። ወደ 80 ማይል ርቆ በዌስት ሳክራሜንቶ ይጫወታል፤ ሊዛወርበት ያሰበው የላስ ቬጋስ ስታዲየም እስኪያልቅ የከተማ ስም እንኳ አልያዘም። ፖሊን ቦስ የተባለችው አሜሪካዊት ባለሙያ እንዲህ ያለውን፣ አለ ወይም የለም ተብሎ የማይቆረጥ እጦት ለብዙ ዓመታት አጥንታለች። የሞተ ይቀበራል፤ ሰው ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ ሠልስት ወጥቶ ድንኳኑ ይነሣል። ለዚህኛው ግን ማን «እግዚአብሔር ያጽናዎ» አላቸው? ስለዚህ ኀዘኑ በየምሽቱ በምሬት መልክ ማዕድ ላይ ይወጣል።

አሁን ወደ ፖሰሙ። ድመት የሚያክል፣ ጅራቱ የአይጥ የሚመስል ይህ እንስሳ በስታዲየሙ የእንግዳ ቡድን ጋዜጠኞች ክፍል ግድግዳ ውስጥ ይኖር ነበር። በኤፕሪል 2023 የኒው ዮርክ ሜትስ አስተላላፊዎች ሽታውን መቋቋም አቅቷቸው ሌላ ክፍል ገቡ። አገር ሁሉ ሳቀ። ለባለቤትዎ ግን ቤቱ ሳይጠገን የኖረበት ተከራይ ላይ የሳቁ ያህል ነው። ከሁለት ወር በኋላ፣ ጁን 13፣ 27,759 ደጋፊ ስታዲየም ተገኝቶ፣ ብዙዎቹም «ሽጥ» የሚል ቲሸርት ለብሰው ባለሀብቱን ተቃወሙ። ያን ጊዜ ልጅዎ 15 ዓመቱ ነበር፤ እሱም ልጅነቱን ያሳለፈበትን ቦታ ነው ያጣው። ምናልባት እያሾፈ የራሱን ኀዘን ሸፍኖ ይሆናል። ቢሆንም በእንግዳ ፊት አባቱን ማዋረዱ ስሕተት ነው፤ ይቅርታ ይጠይቅ።

ባለቤትዎንም ዝም ብዬ አላልፋቸውም። ማዘን መብታቸው ነው፤ የ17 ዓመት ልጅን ለሁለት ወር በዝምታ መቅጣት ግን መብታቸው አይደለም። ልጁ በቅርቡ ትምህርቱን ጨርሶ ከቤት ሊወጣ ይችላል። ይህን እርስዎ ይንገሯቸው፤ ማዕድ ላይ ሳይሆን ብቻችሁን ስትሆኑ። «ኳስ እኮ ነው» አይበሉ። «ቡድኑ ሲሄድ እንዳዘንህ አልገባኝም ነበር» ብለው ይጀምሩ፤ ቀጥሎ ስለ ልጁ ይናገሩ።

እንቅልፍ ካጡ፣ ሥራ ካቆሙ፣ መጠጥ ካበዙ ወይም ምንም ነገር ደስ ሳይላቸው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ፣ ሳይውል ሳያድር ባለሙያ ይይዛቸው።

ያ ካልሆነ አንድ የእረፍት ቀን አባትና ልጅ ወደ ኮሊሲየሙ፣ ወደ ቡድኑ የቀድሞ ስታዲየም፣ ይሂዱ፤ ልጁ ይንዳ። ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመው፣ እዚያ ካዩት ጨዋታ የትኛውን እንደሚያስታውስ አባቱ ይጠይቁት። መልሱንም እስኪጨርስ ሳያቋርጡ ይስሙት።