በቂ ልምምድ ሳይኖራችሁ ግማሽ ማራቶን ለምትሮጡ

ውድ ልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ላይ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በነበርኩበት ዘመንም ሆነ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ የውድድር ቀን ሲቃረብ መጥቶ የሚያማክረኝ ወጣት ጠፍቶ አያውቅም። «ጋሼ፣ ለግማሽ ማራቶኑ ተመዝግቤያለሁ፤ ግን በደንብ አልሠራሁም፤ ደግሞም ደክሞኛል። ልሩጥ ወይስ ልቅር?» ይለኛል። አንዱ ለፈተና ሲያነብ የከረመ ተማሪ ነው፤ ሌላዋ በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ናት፤ ሌላው ደግሞ ቤተሰቡን በአጨዳና በውቂያ ሲያግዝ ሰንብቶ የመጣ ነው።

ከሁሉ በፊት መድከምንና ልምምድ ማነስን ለዩ። የደከመ ነገር ግን በሚገባ የሠራ ሰው፣ ጥቂት ሌሊት ደኅና አድርጎ ቢተኛ አብዛኛው አቅሙ ይመለስለታል። ከዚሁ ከደብረ ብርሃን አካባቢ የወጣችው ጌጤ ዋሚ እ.ኤ.አ. በ2007 የበርሊን ማራቶንን ባሸነፈች በ35ኛው ቀን ኒውዮርክ ላይ ሮጣ ሁለተኛ የወጣችው፣ እግሯ ስላልደከመ ሳይሆን ከድካሙ ሥር የብዙ ዓመት ሥራ ስለነበረ ነው። ልምምድ ያነሰው ሰው ጉድለት ግን በእንቅልፍ አይሞላም። በመጨረሻው ሳምንት ተሯሩጦ ለማካካስ መሞከርም «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ነው፤ ሰውነት ከአንድ ጠንካራ ልምምድ ጥቅሙን የሚያገኘው ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ ወደ መነሻው መስመር ይዛችሁ የምትሄዱት ድካሙን ብቻ ይሆናል። በዚያ ሳምንት ለብ ባለ ሩጫ እግራችሁን አፍታቱ፤ የቀረውን ጊዜ ተኙበት።

ወጣቶች በዚህ ጊዜ አበበ ቢቂላን ይጠቅሱብኛል። እውነት ነው፣ በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደው አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸንፏል። ይህን ታሪክ የሚነግረኝ ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ሜክሲኮን ይዘለዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ያው አበበ እግሩን ታሞ ወደ ውድድሩ ገብቶ፣ አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁንም ማሞ ወልዴ አመጣው። የሁለት ኦሊምፒክ ባለድል አቋርጦ መውጣት ካላሳፈረው፣ እናንተን የሚያሳፍራችሁ ምን እንደሆነ አይገባኝም።

እንግዲህ ልሩጥ ካላችሁ፣ ዋናው ሥራ የሚሠራው በዋዜማው፣ ቤት ተቀምጣችሁ ነው። በምን ፍጥነት እንደምትሮጡ፣ የት ላይ በእግር እንደምትራመዱና ምን ቢሰማችሁ እንደምትወጡ ማታውኑ ወስኑ፤ በአሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግር ብቻ ሳይሆን የሚወስነው አእምሮም ስለሚደክም፣ እዚያ ደርሼ አስብበታለሁ ማለት አያዋጣም። ዕቅዱን በወረቀት ጽፋችሁ ለጓደኛ ብታሳዩት ደግሞ የተሻለ ነው፤ ሰው ለራሱ የገባውን ቃል ሲያጥፍ ምስክር አይኖርበትምና።

ስለ ፍጥነት ስታስቡ አንድ ነገር አትርሱ። ለተሰንበት ግደይ እ.ኤ.አ. በ2021 ቫሌንሺያ ላይ ይህን 21.0975 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ጨርሳዋለች። አንዱን ኪሎ ሜትር በሰባት ደቂቃ የሚሮጥ ሰው ግን 2 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ገደማ መንገድ ላይ ይቆያል። በጡንቻና በጉበት የሚከማቸው ስኳር በጠንካራ ሩጫ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚያገለግል፣ እርሷ ስንቋ ሳያልቅ ስትገባ እናንተ ግን መንገድ ላይ ሊያልቅባችሁ ይችላል። ቀርፋፋ ሯጭ ከፈጣኑ የበለጠ ቆጣቢ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ያንሳል፤ እዚህ ያደገ ሰው ቢለምደውም፣ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ወይም ከውጭ ለመጣ እንግዳ ዳገቱ ቶሎ ይከብደዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ኪሎ ሜትሮች አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራችሁ መሄድ በምትችሉበት ፍጥነት ሩጡ። ሰዉ ሁሉ ሲያልፋችሁ ዝም ብላችሁ አሳልፉት። ከዚያ በኋላ ሳይደክማችሁ በፊት፣ በየአሥር ደቂቃው አንድ ደቂቃ ያህል ተራመዱ፤ ደክሞት የሚራመድ እንደገና ለመሮጥ ይቸገራል፣ አስቀድሞ የተራመደ ግን ይቀጥላል። ቁልቁለት ሲመጣ ደስ ብሏችሁ አትለቁት፤ የጭንን ጡንቻ ከዳገት ይልቅ የሚጎዳው ቁልቁለት ነው፤ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በእግሩ የወረደ ሁሉ በማግስቱ ደረጃ ሲወርድ ያውቀዋል።

እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ተማሪዎቼን ስጠብቅ ከፊታቸው ይልቅ ጫማቸውን አዳምጥ ነበር። አቅም ያለው ሯጭ ኮቴው ቀላልና እኩል ነው፤ ሲዝል አስፋልቱን ጧ ጧ እያደረገ መምታት ይጀምራል፣ ቀጥሎ አንደኛው እግር ከሌላው ዘግይቶ ያርፋል፣ ትከሻውም ወደ ጆሮው ይወጣል። የራሳችሁን ኮቴ ስሙ። ድምፁ ሲከብድ ፍጥነት ቀንሱና እርምጃችሁን አሳጥሩ፤ አንደኛው እግር ማነከስ ከጀመረ ግን ይህ ድካም ሳይሆን ጉዳት ነውና ውጡ።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ የለመዳችሁትን ብሉ፣ በሶም ቢሆን ሩጫው ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ይሁን፤ ውኃም ሲጠማችሁ ጠጡ እንጂ ከልክ አታሳልፉ። የማልታገሠው የሕመም ማስታገሻን ነው። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ውጦ ረጅም ሩጫ መግባት ላብ ባደረቀው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ በዚያ ላይ ውጡ የሚለውን ምልክት ይደብቅባችኋል። ትኩሳት ካላችሁ ደግሞ ጭራሹኑ አትነሡ፤ ልብ ላይ የሚያደርሰው አደጋ ለአንድ ሜዳልያ የሚከፈል ዋጋ አይደለም። በመንገድ ላይ ደረት ቢወጋችሁ፣ ራስ ቢያዞራችሁ ወይም ላባችሁ ቆሞ ብርድ ብርድ ቢላችሁ እዚያው ቁሙና ሰው ጥሩ።

ቁምጣችሁ ኪስ ውስጥ የባጃጅ ሒሳብና በወረቀት የተጻፈ የቤተሰብ ስልክ ቁጥር ያዙ። ከአሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሹራብ ይዞ የሚጠብቃችሁ ጓደኛ ካለ ደግሞ የት እንደሚቆም ከዋዜማው ተስማሙ፤ የጠዋቱ ውርጭ ላብ ያለበትን ሰው አይምረውምና፣ ብትጨርሱም ብታቋርጡም መጀመሪያ ደረቅ ልብስ ልበሱ።