አባታችንን ወደ ሮቦቱ እንውሰዳቸው?

ጥያቄ፦ አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። ስትሮክ ከመታቸው 7 ወር ሆኗል፤ ግራ ጎናቸው ደክሟል። በከዘራ ከመኝታ ቤት እስከ በረንዳ ይሄዳሉ፣ ግራ እግራቸው ግን ይጎተታል። ዱባይ ያለው ወንድሜ በሮቦት የሚያለማምድ ማዕከል አግኝቷል። “መኪናውን ሸጣችሁ አምጧቸው” ይላል። ምን ትመክሪናለሽ?
ልጃቸው፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ መኪናውን አትሽጡ።

ሮቦቱን አላጣጥልም። በጣም የሚታወቀው የስዊዘርላንዱ ሎኮማት ነው። ታማሚው በማሰሪያ ከላይ ተይዞ ትሬድሚል (ባሉበት የሚያስኬድ የመራመጃ ማሽን) ላይ ይቆማል፤ ክብደቱም በከፊል ይቀልለታል። ከዳሌውና ከጉልበቱ ጋር የሚታሰር ባለ ሞተር መሣሪያ እግሩን ያራምደዋል። እኛ ፊዚዮቴራፒስቶች መቆም የማይችል ሰው እግር እያነሳን ስናራምድ ቶሎ ይደክመናል። ማሽኑ አይደክመውም፤ ብዙ እርምጃ ያስደጋግማል። በርካታ ጥናቶችን ያሰባሰበው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማም፣ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ሲሰጥ ያለ ሰው እርዳታ የመራመድን ዕድል እንደሚጨምር ያሳያል። ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ገና መራመድ ላልቻሉና በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ ላሉ ነው። አባትሽ ሁለቱንም አልፈዋል።

“6 ወር ካለፈ አበቃ” የሚላችሁን ግን አትስሙ። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ 408 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት ወጥቶ ነበር። ሮቦት አልነበረበትም። ከፊሎቹ ክብደታቸው ቀልሎላቸው ትሬድሚል ላይ፣ ሌሎቹ ቤታቸው ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ተለማመዱ። ዓመት ሲሞላቸው በመራመድ ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ትሬድሚሉን ከ6 ወር በኋላ የጀመሩትም ተሻሽለዋል።

ስለዚህ ወንድምሽ ለጉዞው ያሰበውን ገንዘብ ቤት እየመጣ ለሚያሠራቸው ፊዚዮቴራፒስት ይክፈል። መጀመሪያ የሚጎተተውን እግር ያሳዩት፤ ቁርጭምጭሚትን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ባለሙያው ከፈቀደ በኋላ በየቀኑ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ዝቅ ያለ ደረጃ መውጣት ይለማመዱ። ነጠላ ጫማ ይቅር፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ። ስታራምጃቸው በግራቸው ቁሚ፤ ወገባቸው ላይ ጠበቅ ያለ ቀበቶ እሰሪና እሱን ያዢ። እባክሽ ደካማ እጃቸውን ይዘሽ አትጎትቺ! ትከሻቸው ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ በሕመሙ ምክንያት ልምምዱን ይጠሉታል። ይህን በየቤቱ አያለሁ፣ ያሳዝነኛል።

የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡ ተከታተሏቸው።