የዶሮ ቤት በርና ከሥሩ የሚቆፍር አውሬ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በሌሊት ከበር ሥር ቆፍሮ ዶሮ ቤት ስለሚገባ አውሬ ነው። ዝናብ ያረሰረሰው አፈር ለጥፍር ስለሚመች ወቅቱ የዚህ ጥፋት ወቅት ነውና፣ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቼዋለሁ።

«የዶሮ ቤቴ ግድግዳ ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ባለፈው ሳምንት አውሬ ከበሩ ሥር ቆፍሮ ገብቶ እንቁላል ሊጀምሩ የተቃረቡ አራት ቄቦች ፈጀብኝ። ጉድጓዱን በድንጋይ ብደፍነው በማግስቱ ድንጋዩን ገፍቶ እንደገና ቆፈረው። ምን ላድርግ?» (ከደብረ ብርሃን)

ወራት መግበው ለእንቁላል ያደረሷቸውን ቄቦች በአንድ ሌሊት ማጣት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ አውቀዋለሁና ከልብ አዝኛለሁ። ቆፋሪ አውሬ ግድግዳውን ተከትሎ እያሸተተ ይዞርና የዶሮ ሽታ ያዘለ አየር የሚወጣበትን ቦታ ሲያገኝ እዚያው ይጀምራል። ያ ቦታ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የበሩ ሥር ነው። ሰው በየቀኑ ስለሚረግጠው፣ ስለሚጠርገው፣ ዶሮዎችም ስለሚጭሩት በበሩ ሥር ያለው አፈር ከዓመት ዓመት ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ሲሠራ ሁለት ሳንቲ ሜትር የነበረው ክፍተት ሳይታወቅ ስድስትና ሰባት ይደርሳል። ጭንቅላቱን ማስገባት የቻለ ቀጭን አውሬ ደግሞ ሙሉ አካሉን ማስገባት አያቅተውም። ስለዚህ እርስዎ የጎደለዎት ጠንካራ ግድግዳ ሳይሆን ደፍ ነው።

በበሩ ስፋት ልክ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና 20 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቦይ ያስቆፍሩ። ከታች ድንጋይ ደርድረው፣ በላዩ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋና ሦስት እጅ ጠጠር አስቦክተው ይሙሉት፤ ከመሬት በላይም ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ለአንድ ሳምንት ያህል ውኃ እያጠጡ እርጥብ በሆነ ጆንያ ይሸፍኑት፤ ቶሎ የደረቀ ሲሚንቶ ይሰነጠቃል። የበሩ ሳንቃ ሲዘጋ ደፉ ላይ ተደግፎ የሚቆም እንጂ በላዩ ተንሳፍፎ የሚያልፍ መሆን የለበትም፤ የሚቀረው ክፍተትም ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይብለጥ።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ፤ የደፉ ሁለት ጫፎች ከግድግዳው መሠረት ድንጋይ ጋር መገናኘት አለባቸው። እኔ የመጀመሪያውን ደፍ ስሠራ ከግራው መቃን ሥር አንድ ስንዝር ያህል ባዶ አፈር ትቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ስወጣ አዲሱ ሲሚንቶ ላይ አራት አራት ሆነው የተሰመሩ ነጫጭ የጥፍር ጭረቶች አየሁ፤ ጭረቶቹ ወደ ግራ እየሄዱ ሄደው ያቺ ስንዝር ላይ ያልቃሉ፤ እዚያም እርጥብ አፈር ተቆልሎ፣ የነጭ ዶሮ ላባ ተጣብቆበት ነበር። አውሬው ሲሚንቶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞክሮ ያልተሠራችውን ቦታ አግኝቷታል።

በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነም በዚሁ አጋጣሚ ወደ ውጭ የሚከፈት ያድርጉት። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ከውጭ ሲገፋ የታችኛው ማዕዘኑ ይላላል፤ ወደ ውጭ የሚከፈተው ግን አውሬው በገፋው ቁጥር ከመቃኑና ከደፉ ጋር ይበልጥ ይጣበቃል።

«የምኖረው በኪራይ ግቢ ስለሆነ አከራዬ ሲሚንቶ እንዳፈስ አይፈቅዱም። የሰፈር ውሾች ግን በየሌሊቱ ከበሩ ሥር ይጭራሉ።» (ከአዲስ አበባ)

ለእርስዎ የሚሻለው ሽቦ ማንጠፍ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያለው ሽቦ ከበሩ ፊት ለፊት መሬት ላይ ያንጥፉ፤ ወደ በሩ የሚያርፈውን ጠርዝ ደፍ ሆኖ ከሚያገለግል ወፍራም ጣውላ ጋር በምስማር ያያይዙት፤ በሁለቱም ጎን ከመቃኖቹ አልፎ ግማሽ ሜትር ይሂድ። በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ይደርድሩበት። ውሻም ሆነ ቀበሮ መቆፈር የሚጀምረው ከበሩ እግር ሥር ነው፤ ጥፍሩ ሽቦ ሲነካ ትንሽ ይታገላል እንጂ ከሽቦው ማዶ ሄዶ በሩቁ ልቆፍር አይልም። በገበያ የዶሮ ሽቦ እየተባለ የሚሸጠውን ቀጭን፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ሽቦ ግን አይግዙ፤ ዶሮን ከውስጥ ለመያዝ ይበቃል እንጂ ውሻ በጥርሱ ይበጥሰዋል። መጋጠሚያው የተበየደና ቀዳዳው ከ1.3 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ይሁን፤ እንዲህ ያለው አይጥንም ይከለክላል። ዶሮዎቹም እርስዎም ስለምትረግጡት የሽቦውን ስል ጫፎች ወደ ታች ማጠፍዎን አይርሱ። ቤት ሲለቁ ጠቅልለው ይዘውት ይሄዳሉ።

«የእንጨት በሬ ከታች በስብሶ ተቦርቡሯል። በየዓመቱ ከመቀየር ሌላ መላ አለ?» (ከባሕር ዳር)

አለ። የሳንቃውን የታችኛውን 30 ሳንቲ ሜትር በሁለቱም ወገን ላሜራ ያልብሱት፤ በመጀመሪያ ግን የበሰበሰውን ቆርጠው ያውጡ፤ ምክንያቱም በላሜራ የተሸፈነ ብስባሽ እርጥበት ይዞ ይቀጥላል። እንጨቱ አፈር እንዳይነካ ደፉን ከፍ ካደረጉ ውኃውም ምስጡም ይርቃል።

«ቀበሮ ሦስት ጊዜ ቆፍሮ ገብቶብኛል። ጎረቤቶቼ ሥጋ ላይ መርዝ አድርገህ በሩ አጠገብ ጣል ይሉኛል።» (ከደባርቅ)

እባክዎ አያድርጉት። መርዝ የሚጣልበት ሥጋ የሚበላውን መርጦ አይጠብቅም፤ የጎረቤት ውሻ፣ ጥምብ አንሣ አሞራ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን ሊያነሣው ይችላል። ከዚህም ሌላ እርስዎ የሚኖሩት በሰሜን ተራሮች ግርጌ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም፤ በሕግም የተጠበቀ ነው። ምግቡም በአብዛኛው የአይጥ ዘር ነው እንጂ ዶሮ አይደለም፤ የሚያድነውም በቀን ነው። ስለዚህ በሌሊት በርዎን የሚቆፍረው ተራው ቀበሮ፣ ውሻ ወይም ሌላ አውሬ መሆኑ አይቀርም። በሦስቱም ጊዜ የገባው በአንድ በር ሥር ከሆነ፣ ለደብረ ብርሃኗ ጠያቂ የተናገርሁትን ደፍ ይሥሩ፤ ይህን አውሬ ቢገድሉ እንኳ ጉድጓዱ እስካለ ድረስ ሌላ ይመጣበታል። ዶሮዎቹን ለማስጣል ሲታገሉ አውሬው ከነከስዎ ወይም ከቧጨረዎ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያጥቡት፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

«በጓሮዬ ስድስት ዶሮዎች አሉኝ። ከበሩ ሥር ሽቦ ቀብሬአለሁ፤ ሆኖም ትናንት ጠዋት በሩ ተከፍቶ፣ ሁለት ዶሮዎች ሞተው አገኘሁ። ጉድጓድ ግን የለም።» (ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)

ጉድጓድ ከሌለና በሩ ከተከፈተ የምጠረጥረው ራኩን የሚባለውን የአካባቢዎን እንስሳ ነው። የፊት እግሮቹን እንደ እጅ ስለሚጠቀምባቸው ቀላል ማንጠልጠያ ያነሣል፣ ተንሸራታች መቀርቀሪያም ይስባል። መፍትሔው ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን የሚጠይቅ መዝጊያ ነው፤ ለምሳሌ መቀርቀሪያውን ከዘጉ በኋላ በቀዳዳው ውስጥ በጣት ተጭነው የሚከፍቱት ባለ ምላስ የብረት ቀለበት ያስገቡ። ዶሮዎቹ የሚወጡባት ትንሿ በር ወደ ላይ የምትሳብ ከሆነች፣ ስትዘጋ የታችኛው ጠርዟ በጣውላ ላይ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ ትቀመጥ፤ ጣቱን ከሥሯ ማስገባት ካልቻለ ሊያነሣት አይችልም። የቀበሩትን ሽቦ አያውጡት፤ በአካባቢዎ የሚገኘው ቀበሮ ቆፋሪ ነው። ዶሮዎች ጀንበር ስታዘቀዝቅ ራሳቸው ወደ ቆጣቸው ስለሚመለሱ፣ በሩን የሚዘጉበት ሰዓት ከዚያ ቀጥሎ ይሁን፤ ከመዝጋትዎ በፊትም ስድስቱም፣ አሁን ደግሞ አራቱም፣ ቆጥ ላይ መሆናቸውን በባትሪ አብርተው ይቁጠሩ።