ደሴ ላይ የውሸት መስኮቱ ለምን ተላጠ?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የድንጋይ ቤት አለን። ወደ ምዕራብ የዞረው ግድግዳ አንድ መስኮት ብቻ ነው ያለው። አምና ሰዓሊ አምጥተን ግራና ቀኙ ላይ ሁለት የውሸት መስኮት አሳልን። ክረምቱ ሲወጣ ከታች በኩል ቀለሙ አብጦ ተላጠ፣ ነጭ ዱቄት መሰለ። መስኮቶቹም የተለጠፈ ፖስተር ይመስላሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በላኩልኝ ፎቶ ላይ አየሁት። የተቀባው ፕላስቲክ ቀለም ነው። የድሮ የኖራ ልስን ደግሞ መተንፈስ ይፈልጋል። ፕላስቲክ ሲያለብሱት ላስቲክ ለብሶ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ላቡ መውጫ ያጣል። ነጩ ዱቄት ጨው ነው፤ እርጥበቱ ሲደርቅ ከቀለሙ ጀርባ ይጋግርና ገፍቶ ይጥለዋል።

ስለዚህ ከብሩሽ በፊት አሸንዳውን ይዩ። የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ግድግዳው ሥር የሚያፈስ ከሆነ ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ የተቆለለ አፈር ካለም ይነሳ። የላላውን ቀለም ፍቀው ጨውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ። በውሃ ካጠቡት ተመልሶ ይገባል። «በስሚንቶ እንለስነው» የሚል አይጠፋም፤ እሺ እንዳይሉ! በኖራና በአሸዋ ይለሰን። መስከረም መጨረሻ ላይ ለስነው ቢያንስ አንድ ወር ይታገሱ፤ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነውና አይቸኩልም። ከዚያ በኖራ ውሃ የተበጠበጠ ቢጫና ቀይ የአፈር ቀለም ይቀቡ። እነዚህን ኖራ አያነጣቸውም።

ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ግን ግድግዳውን ከመንካትዎ በፊት በጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ።

አሁን ወደ ፖስተሩ። ጣሊያኖች በሊጉሪያ (በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን ያለ ክልል) የባሕር ዳርቻ ከተሞች የውሸት መስኮት መሳል የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ዓይን የሚያታልለው ግን መስኮቱ ሳይሆን ጥላው ነው። የእናንተ ጥላ በቀኝ ወድቋል። ግድግዳውን ፊት ለፊት ሲያዩት ቀኝዎ ደቡብ ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት፣ ሰማዩ በሚጠራበት ጊዜ፣ የከሰዓት ፀሐይ ከዚያው ከቀኝ ትመጣለች። ስለዚህ ጥላው ወደ ግራና ወደ ታች መውደቅ ነበረበት። የመሀሉ እውነተኛ መስኮት በየቀኑ ሐሰቱን እያጋለጠባችሁ ነው። በጥቁር መቀባቱም ጥላውን ቀዳዳ አስመስሎታል። የግድግዳውን የራሱን ቀለም በትንሽ ቡናማና ሰማያዊ ያጨልሙት፤ ጠርዙንም ያለስልሱት። ደመና በሚውልበት ቀን ደማቅ ጥላ ያስቃል።

ሰዓሊው ሲመለስ በ10 ሰዓት ይጥሩት። እውነተኛው መስኮት ግድግዳ ላይ የጣለውን ጥላ በጠመኔ ያስምርና ልኩን ወደ ሁለቱ ያዛውረው።