ለቺያንቲ የኮረኮንች ጉዞ አስቀድመው አፈሩን ይዩ

የተከበሩ ወንድሜ፣ ከሮም ተነስተው በኦክቶበር ወር አዲሱን የኮረኮንች ብስክሌትዎን ይዘው በጣሊያን ቶስካና ክፍለ ሀገር የሚገኘውን የቺያንቲን የወይን እርሻ፣ ደንና ኮረብታ ለማየት አራት ቀን እንዳለዎት፣ ከዚያም ውስጥ ሁለቱን ቀን ከጋይዮሌ ከተማ ተነስቶ እዚያው ለሚመለሰው፣ ኤሮይካ በሚባለው የአሮጌ ብስክሌቶች በዓል ስም ለሚጠራው የ209 ኪሎ ሜትር ቋሚ መስመር እንደመደቡ ጽፈዋል፤ ምን ዓይነት ጎማ እንደሚሻልም ጠይቀዋል። እኔ የምኖረው ሲዬና አቅራቢያ ስለሆነና እነዚህን መንገዶች በየወቅቱ ስለምነዳባቸው፣ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ። ምክሬ ሙሉውን መስመር ለሌላ ጊዜ አቆይተው አራቱንም ቀን በሰሜኑ ክፍል፣ ማለትም በጋይዮሌ፣ በራዳና በብሮሊዮ ዙሪያ እንዲያሳልፉ ነው።

ርቀቱ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። በቲቤር ወንዝ ዳር ሜዳውን ይዞ 100 ኪሎ ሜትር በምቾት የሚነዳ ሰው እዚህ በ50ው ሊዝል ይችላል፤ ምክንያቱም ቺያንቲ ውስጥ ለጥ ያለ መንገድ የለም ማለት ይቻላል፣ አንዱን ቁልቁለት ሲጨርሱ ወዲያው ሌላ ዳገት ይቀበልዎታል። ቋሚው መስመር ሲደመር ከ3,500 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል፤ ከዚህም ብዙው ኮረኮንች ላይ ነው። በዚያ ላይ የመንገዱ ጠባይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ፈጽሞ ይለወጣል፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ እንዲያስቡበት የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

በሰሜኑ ክፍል መሬቱ ድንጋያማ ነው። የአገሩ ሰዎች አልባሬሴ የሚሉት ጠንካራ የኖራ ድንጋይና ጋሌስትሮ የሚሉት በቀላሉ የሚፈረካከስ ስስ ድንጋይ የሚገኙት እዚህ ሲሆን፣ ሳንጆቬዜ ለሚባለው የወይን ዓይነት የተመቸው አፈር ለብስክሌትም ይመቻል፤ ዝናብ ሲጥል ውኃው ወደ ውስጥ ይሰርግና በማግስቱ መንገዱ ይነዳል። ከሲዬና በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ አሻኖ የሚዘረጋው ክሬቴ ሴኔዚ ግን በጥንት ዘመን የባሕር ወለል የነበረ ግራጫ የሸክላ አፈር ነው። ሲደርቅ ውብና ፈጣን መንገድ ነው፤ ሲርስ ግን እንደ አገራችን ዋልካ ይይዛል። ጭቃው በጎማውና በሹካው መካከል እየተጠቀጠቀ ቸርኬው መዞር ያቆማል፣ በእንጨት ፍቀው አሥር እርምጃ ሳይሄዱ እንደገና ይሞላል፤ ብስክሌቱን እንዳይገፉት አይንከባለልም፣ እንዳይሸከሙት ደግሞ ክብደቱ እጥፍ ሆኗል። በየዓመቱ በማርች ወር የሚካሄደው የስትራዴ ቢያንኬ የብስክሌት ውድድር ዝነኛ የሆነው በዚህ ምድር ነው፤ ውድድሩን እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2012 እና በ2016 ሦስት ጊዜ ባሸነፈው በብስክሌተኛው ፋቢያን ካንቼላራ ስም የተሰየመው የሞንቴ ሳንቴ ማሪዬ ክፍል ብቻ 11.5 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች አለው። ቋሚው መስመር በዚህ በኩል ስለሚያልፍና ኦክቶበር ዝናብ የሚበዛበት ወር ስለሆነ፣ በሁለት ቀን የተጣበበ ዕቅድ ይዘው ሸክላው ላይ ዝናብ ቢያገኝዎት መውጫ ይቸግርዎታል።

ስለ ጎማው፣ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው በቂ ነው፤ መሐሉ ለስለስ ያለ፣ ጎንና ጎኑ ብቻ ጥርስ ያለው ይምረጡ። ክብደትዎ 75 ኪሎ አካባቢ ከሆነና ጎማዎ ቲዩብለስ (የውስጥ ጎማ የሌለው) ከሆነ ከፊት 2.2፣ ከኋላ 2.4 ባር ይሙሉት፤ የውስጥ ጎማ ያለው ከሆነ ድንጋይ እንዳይነክሰው ትንሽ ከፍ ያድርጉት። ከጎማው ይልቅ የሚያሳስበኝ ማርሹ ነው። የፊተኛው ትንሹ ማርሽ የጥርስ ብዛት ከኋለኛው ትልቁ ማርሽ የሚበልጥ ከሆነ ከጉዞው በፊት ያስቀይሩት። ኮረኮንች ዳገት ላይ ከኮርቻ ተነስቶ መርገጥ የኋላውን ጎማ በከንቱ ያሽከረክረዋልና ተቀምጠው፣ በቀላል ማርሽ፣ ክብደትዎን ከኋላው ጎማ ላይ ሳያነሱ መውጣት ይኖርብዎታል።

ቁልቁለቱን በሚመለከት፣ መኪና የረገጠው ጠባብ መስመር ላይ ጠጠሩ ስስ ስለሚሆን እሱን ይከተሉ፤ የመንገዱ መሐልና ዳር ልቅ ጠጠር የሚከማችበት ነው። ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት ቀጥ ብለው ሳሉ ይያዙና ኩርባው ውስጥ ሲገቡ ይልቀቁት። ከኋላ መኪና ሲመጣ ቀድመው ዳር ይዘው ያሳልፉት፤ አቧራው እስኪበተን ድረስ ከፊት ያለው ጉድጓድ አይታይም።

ከጋይዮሌ ጀምረው መጀመሪያ ወደ ብሮሊዮ ግንብ ይሂዱ። ከዋናው መንገድ ወደ ግንቡ የሚወጣው ነጭ ኮረኮንች በሁለት በኩል በረጃጅም የፈረንጅ ጥድ የታጀበ ነው። ይህ ርስት ከ1141 ጀምሮ በሪካሶሊ ቤተሰብ እጅ ሲሆን፣ በ1872 የቺያንቲን ወይን አቀማመም በደብዳቤ የዘረዘረው ባሮን ቤቲኖ ሪካሶሊም የዚሁ ግንብ ጌታ ነበር። በሌላው ቀን ከቫልያልዪ ወደ ራዳ ይሻገሩ፤ እኔ ለአዲስ ሰው ከምመርጣቸው መንገዶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ወይኑና የባሉጥ ደኑ ስለሚፈራረቁ አንድ ጊዜ ፀሐይ፣ አንድ ጊዜ ጥላ ያገኛሉ። ለደኑ ደግሞ ከራዳ ወደ ቀድሞው የባዲያ ኮልቲቡኦኖ ገዳም ይውጡ። ገዳሙን በ11ኛው መቶ ዓመት የቫሎምብሮሳ መነኮሳት መሠረቱት፤ ከዚያ ወደ 892 ሜትሩ የሞንቴ ሳን ሚኬሌ ተራራ የሚያደርሱት የደን መንገዶች የካስታኛ (ቼስትነት) ዛፍ ፍሬውን የሚያራግፍባቸው ናቸው፤ በኦክቶበር መጨረሻ ቅጠሉ ጠጠሩን ስለሚሸፍነው ቀስ ይበሉ። አራተኛውን ቀን ለዝናብ መጠባበቂያ ያቆዩት፤ ሰማዩ ለቀናት ጠርቶ ከከረመ ግን ያን ጊዜ ወደ ክሬቴ ወርደው የሞንቴ ሳንቴ ማሪዬን ክፍል ለብቻው ይንዱት።

በኦክቶበር መጀመሪያ የኤሮይካ በዓል ስለሚካሄድ ጋይዮሌ ውስጥ ማደሪያ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። በዓሉ ከ1987 (እ.ኤ.አ.) በፊት ለተሠሩ ብስክሌቶች የተዘጋጀ በመሆኑ በአዲሱ ብስክሌትዎ አይሳተፉበትም፤ ስለዚህ ከእርሱ በኋላ ያለውን ሳምንት ይምረጡ። የወይን ለቀማው ያኔ ሊጋመስ ስለሚችል ትራክተር ከየማሳው በድንገት ይወጣል። በወይን ረድፎች መካከል የሚገባው መንገድ የግል ስለሆነ ምልክት ካዩ አይግቡበት፤ ዘለላም አይቁረጡ፣ የገበሬው የዓመት ድካም ነው። ወይን ለመቅመስ ካሰቡ ብስክሌቱን ለዕለቱ ካቆሙ በኋላ ይሁን፤ የጣሊያን የትራፊክ ሕግ ጠጥቶ መንዳትን ለብስክሌተኛም ይከለክላል።

እንደ እኔ ጽጌን የሚጾሙ ከሆነ አይቸገሩም። ሪቦሊታ የሚባለው የባቄላ፣ የጥቁር ጎመንና የደረቅ ዳቦ ወጥ ያጠግባል፤ አይብና ሥጋ እንዳይገባበት ብቻ አስቀድመው ይጠይቁ። የቶስካና ዳቦ ጨው እንደሌለው ልብ ይበሉ፤ ቀኑን ሙሉ ላብ ያፈሰሰ ሰው ጨውን በሌላ መንገድ መተካት አለበት፣ እኔ የወይራ ፍሬ በትንሽ ዕቃ እይዛለሁ።

የአደን ወቅትም ነው። በጣሊያን ሕግ ማክሰኞና ዓርብ አደን ፈጽሞ የተከለከለ ስለሆነ የባዲያ ኮልቲቡኦኖን ደን ከእነዚህ በአንዱ ቀን ያድርጉት፤ በሌሎቹ ቀናት ደማቅ ልብስ ይልበሱ፣ የከርከሮ አደን ማስጠንቀቂያ ከተለጠፈበት መንገድም ይመለሱ። በወሩ የመጨረሻ እሑድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከዚያ በኋላ ፀሐይ 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ የፊትና የኋላ መብራት ይያዙ።

ጋይዮሌ ባቡር የለውም። ከሮም በክልል ባቡር እስከ ኪዩዚ፣ ከዚያ ቀይረው እስከ ሲዬና ይምጡና ቀሪውን 28 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ይንዱ። ብስክሌቱ የራሱ ትኬት ያስፈልገዋል፤ ባቡሩ ብስክሌት የሚጭን መሆኑንም ከመግዛትዎ በፊት በጊዜ ሰሌዳው ላይ ካለው የብስክሌት ምልክት ያረጋግጡ። የመጡበትን ቀን ከሲዬና አልፈው ለመሄድ አይቸኩሉ፤ ከባቡር ወርዶ ከሰዓት በኋላ ያን መንገድ መጀመር የመጀመሪያውን ሙሉ ቀን ጉልበት ይበላብዎታል።