26 ሁሉ 26 አይደለም

አንዲት የሰሚት አንባቢ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ ሥራዬ መገናኛ አካባቢ ነው። ጠዋትና ማታ የምመላለሰው በማውንቴን ሳይክል ነው። የኋላ ጎማዬ አልቆ ክሩ መታየት ጀምሯል። አንድ ሱቅ ገብቼ ‹26 ነው› ስላቸው ‹26 ከሆነ ሁሉም ይገባል› ብለው 26 × 1 3/8 ሸጡልኝ። ቤት ስሞክረው ሰፋብኝ። ሌላ ሱቅ ደግሞ ‹ማውንቴን ከሆነ ትልልቅ ጥርስ ያለው ነው የሚሻልሽ› አሉኝ። አንዳንድ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ እወጣለሁ። የቱን ልግዛ?»

እህቴ፣ የሰፋብሽን ጎማ ንፋስ ሞልተሽ አለመሞከርሽ ደስ ብሎኛል። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ እንዲሁ ሰፊ ጎማ ገጥሞ እኔ ጋ መጣ። «በእጄ ብቻ ገባልኝ» እያለ ደስ ብሎታል። ንፋስ መሙላት ስጀምር ጎማው ባንድ በኩል ከቸርኬው ተነሳ። ከመነዳሪው፣ የውስጡ ጎማ ማለቴ ነው፣ በዚያ ክፍተት እንደ ፊኛ ተነፍቶ ወጣና ፈነዳ። ጆሮዬ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። ይህ ቁልቁለት ላይ ቢደርስበት ኖሮ ልጁ ይጎዳ ነበር።

ችግሩ ያለው «26» የሚለው ስም ላይ ነው። ቁጥሩ ድሮ የተሰጠው ለተነፋው ጎማ የውጭ ልክ ነው፣ በኢንች፤ ለቸርኬው አይደለም። ስለዚህ መጠናቸው የተለያየ በርካታ ቸርኬዎች ሁሉም 26 ይባላሉ። ትክክለኛውን የምታገኚው ጎማው ጎን ላይ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊውና በሰረዝ የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች ፈልጊ። ለምሳሌ 50-559። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ከዳር እስከ ዳር ያለው ልክ ነው፣ እሱም በሚሊ ሜትር። የተለመደው ባለ 26 ማውንቴን 559 ነው። የሸጡልሽ 26 × 1 3/8 ግን 590 ነው። በ31 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ማለት ነው። እንዴት ይገጥማል?

ከ26 ቀጥሎ የሚመጣውን የስፋት ቁጥር አጻጻፍም ልብ በይ። በነጥብ የተጻፈው፣ 1.95 ወይም 2.10 የሚለው፣ የማውንቴን ዘር ነው። በክፍልፋይ የተጻፈው ሌላ ዘር ነው። ሒሳብ ያወቀ ሰው 1.75 እና 1 3/4 አንድ ናቸው ይላል። ጎማ ላይ ግን አንድ አይደሉም፤ አንዱ 559፣ ሌላው 571 ነው። ሳይክላችሁ 27.5 ለሆነ ቁጥሩ 584 ነው፤ ለ29 ደግሞ 622። ሱቅ ስትሄጂ የአሮጌውን ጎማ ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺና አሳዪ። በቃል አትንገሪያቸው።

አሁን ወደ ጥርሱ እንምጣ። ጎማ የሚመረጠው በሳይክሉ ስም ሳይሆን በምትነጂበት መንገድ ነው። አንቺ በሳምንት አምስት ቀን አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ነሽ። ትልልቅ ጥርስ አስፋልት ላይ ሲሄድ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ሰምተሽው ይሆናል። ያ ድምፅ የጉልበትሽ ነው። መሬቱን የሚነካው የጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው፤ ጥርሱ እየተጣመመ እየተመለሰ አቅምሽን ይበላል። ኩርባ ላይም አይታመንም፣ ቶሎም ያልቃል።

ስለዚህ ምክሬ 26 × 1.95 ነው፤ መሃሉ ያልተቆራረጠ ወይም ጥርሱ ተቀራርቦ የተደረደረ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ግን ጥርስ ያለው። አስፋልት ላይ መሃሉ ይንከባለላል። እንጦጦ ጠጠርና አፈር ላይ ስትጣመሚ ጎኑ ይይዝልሻል። 1.5 የሚባለው ቀጭኑ ይፈጥናል፣ አዎ። ግን የኮንዶሚኒየሙ ኮብልስቶን እጅሽንና ወገብሽን ያርገፈግፈዋል። ለዚህ ከተማ አልመርጠውም።

«ለስላሳ ጎማ ክረምት ላይ ያንሸራትታል» ይሉሻል። ለመኪና እውነትነት አለው። ሰፊው ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ውኃ ላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። የሳይክል ጎማ ግን ጠባብ ነው፣ ፍጥነቱም ትንሽ ነው፤ ውኃውን ገፍቶ አስፋልቱን ይይዛል። ሳይክል የሚጥለው ሌላ ነገር ነው፦ የዜብራው ነጭ ቀለም፣ የብረት ክዳን፣ መኪና ከግንባታ ቦታ እየጎተተ አስፋልቱ ላይ የሚጥለው ጭቃ። እነሱ ላይ የትኛውም ጥርስ አያድንሽም። ቀጥ ብለሽ፣ ፍሬን ሳትነኪ እለፊ።

የናንተ ሰፈር ጥቁር አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ዝናብ ሲነካው ሊጥ ይሆናል። ጎማው ላይ ይጠቀለልና ፍሬኑና ፍሬሙ መካከል ሲሞላ ሳይክሉ ይቆማል። ስለዚህ 2.35 እና ከዚያ በላይ አትግዢ። ገጥመሽ ስታበቂ በጎማውና በፍሬሙ መካከል ትንሿ ጣትሽ በሁለቱም በኩል ካልገባች ጎማው ሰፍቷል ማለት ነው።

ገንዘብ ለአንድ ጎማ ብቻ ከሆነ ያለሽ፣ አዲሱን ፊት አድርጊው። የፊቱን ወደ ኋላ አዙሪው። ሰው ሁሉ ያለቀውን ብቻ ይቀይራል፤ እኔ ግን በዚህ ነገር አልደራደርም። የኋላ ጎማ ቢያንሸራትት ብዙ ጊዜ ትመልሺዋለሽ። የፊቱ ከሄደ ግን መሬት ነሽ። በእርግጥ የፊቱም ጥርሱ ከተላጨ ሁለቱንም ቀይሪ።

ሱቅ ውስጥ ጎማውን ጎኑ ላይ ጎንበስ አድርገሽ እጠፊው። ጥቃቅን ስንጥቅ ካየሽ ፀሐይ ላይ የቆየ ነው፤ ተዪው፣ ቢረክስም ተዪው። ከመነዳሪም ከገዛሽ ቫልቩ እንደ መኪናው ወፍራም የሆነውን ምረጪ፤ የትኛውም ጎሚስታ ጋ ትሞይበታለሽ። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ግን ለመኪና የተሠራ ነው፤ የሳይክል ጎማን በሰከንዶች ይሞላል፣ ያፈነዳልም። በትንሽ በትንሹ እያቆመ፣ እየለካ እንዲሞላልሽ ንገሪው። 1.95 ጎማ ላይ መካከለኛ ክብደት ላለው ሰው ከኋላ 45፣ ከፊት 40 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይበቃል። እንጦጦ ስትወጪ ወደ 35 አውርጂው። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ግን በፍጹም አትለፊ። በጣም ካሳነስሽውም ኮብልስቶኑ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣበታል።

ሌላ የሚታለፍ ነገር አለ። አሮጌው ጎማሽ ቶሎ ቶሎ ይተነፍስ ከነበረ የከመነዳሪው ቀዳዳ በየት በኩል እንደሆነ እዪ። በቸርኬው በኩል ከሆነ ጥፋቱ የጎማው አይደለም። የቸርኬው ውስጥ ለውስጥ ላስቲክ ተነስቶ ይሆናል። በመንገዱ በኩል ከሆነ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከተቃጠለ የመኪና ጎማ የሚቀር ቀጭን ሽቦ ነው፤ በዓይን አይታይም። ወደ ኋላ የምታዞሪውን የፊት ጎማ ከመግጠምሽ በፊት ውስጡን በጥጥ ዙሪያውን ጥረጊው። ሽቦ ካለ ጥጡን ይይዘዋል። በጣትሽ አትሞክሪ፣ ይወጋሻል።

ስትገጥሚ ጎማው ጎን ላይ ያለው ቀስት ወደ ፊት የሚሽከረከርበትን አቅጣጫ ያሳይ። ከመነዳሪውን ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ትንሽ ነፍተሽ አስገቢው። ከዚያ ጎማውን በሁለቱም በኩል እየገፋሽ ከመነዳሪው ከሥሩ አለመቆንጠጡን እዪ። ከቸርኬው ጠርዝ በላይ ጎማው ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ። መስመሩ ባንድ በኩል ሰምጦ በሌላው ከፍ ካለ ንፋሱን አውጪና እንደገና አስተካክዪ። ዙሪያውን እኩል ከታየሽ ሙዪው።