በካርታው ላይ የሌለችው የውሃ ወፍ

ጥያቄ፦ ወፎችን በባይኖኩላር መከታተል ከጀመርኩ ብዙ ጊዜ አልሆነኝም። በቅርቡ በአንድ ሐይቅ ዳርቻ፣ ከሌሎች ዳክዬዎች መካከል፣ ፈጽሞ የማላውቃት ወፍ አየሁ። በመለያ መጽሐፌ ውስጥ የምትመስላትን ዝርያ ባገኝም፣ መኖሪያዋ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የራቀ መሆኑን ካርታው ያሳያል። ተሳስቼ ይሆን? መንገድ ጠፍቷት ከሆነስ ይዞ መርዳት ይገባል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ካርታው ስላላሳያት ብቻ ያዩትን ነገር አይተዉት። የስርጭት ካርታ አንድ ዝርያ ዘወትር የሚገኝበትን ስፍራ ያመለክታል እንጂ ክንፍ ያለው ፍጥረት ሊደርስ የሚችልበትን ሁሉ አይወስንም። ሆኖም ከሩቅ የመጣች እንግዳ ናት ከማለት በፊት፣ የአካባቢው ዝርያ ሆና ላባዋን በመቀየር ላይ ያለች ወይም የሁለት ዝርያዎች ድቅል አለመሆኗን ማጣራት ያስፈልጋል፤ ዳክዬዎች በቀላሉ ስለሚዳቀሉ ልምድ ያላቸውን ተመልካቾች ጭምር ያሳስታሉ።

ወፎችን ከመኖሪያቸው ከሚያርቁት ምክንያቶች አንዱ ነፋስ ነው። በዲሴምበር 1927 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ላፕዊንግ የተባሉ የእርጥብ መሬት ወፎች በብርቱ የምሥራቅ ነፋስ ተገፍተው አትላንቲክን በመሻገር በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ያለችው ኒውፋውንድላንድ ደሴት ደረሱ፤ የአንዷ እግር ላይ የተገኘው የመለያ ቀለበት በ1926 በእንግሊዝ የታሰረ ስለነበር መነሻቸው በማያሻማ ሁኔታ ታወቀ። በ2023 ደግሞ ኢዳልያ የተባለው ሀሪኬን ካለፈ በኋላ ፍላሚንጎዎች ከካሪቢያን አካባቢ ርቀው በሰሜን አሜሪካ እስከ ዊስኮንሲን ድረስ ታይተዋል። ከዚህ ሌላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈልሱ ወጣት ወፎች አቅጣጫ ስተው በተቃራኒው ሊበሩ ይችላሉ፤ ድርቅ ሐይቆችን ሲያደርቅም መንጋዎች ውሃ ፍለጋ በየአቅጣጫው ይበተናሉ።

መንገድ የሳተች የምትመስል ወፍ አንዳንዴ የአዲስ ሰፈራ ቀዳሚ መሆኗ በእኔ አመለካከት ከሁሉ የሚያስደንቅ ነው። ከብት እየተከተለች ነፍሳት የምትለቅመው ነጭ ወፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከአፍሪካ ተነሥታ በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ታየች፤ በ1941 ፍሎሪዳ ደረሰች፤ በ1953 እዚያው መራባቷ ተረጋገጠ።

ዳክዬ፣ ዝይና ፍላሚንጎ ግን በሰው እጅም ስለሚረቡ፣ ያዩዋት ወፍ አምልጣ የወጣች ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ እግሯ ላይ ቀለበት መኖሩን፣ የክንፏ ላባዎች መቆረጥ አለመቆረጣቸውን ይመልከቱ። ሰው አለመፍራቷን ብቻ እንደ ማስረጃ አይውሰዱ፤ በጣም የደከመች ወይም ሰው ከማይደርስበት አካባቢ የመጣች የዱር ወፍም እንዲሁ ልትሆን ትችላለች።

ወፏን እንደገና ካገኟት፣ ፎቶግራፍ ካነሡ በኋላ፣ መጽሐፉን ከመግለጥዎ በፊት የመንቁሯን ቅርጽና ቀለም፣ የእግሯን ቀለም፣ ስትበር በክንፏ ላይ የሚታየውን ምልክት፣ ከጎኗ ካሉት ወፎች ጋር ሲነጻጸር መጠኗን፣ እንዲሁም ቀኑን፣ ሰዓቱንና ስፍራውን እዚያው ይጻፉ። ሥዕሉን አስቀድሞ ያየ ሰው ትውስታው ሳይታወቀው ወደ ሥዕሉ ያዘነብላል፤ አሳማኝ ይመስሉ የነበሩ ብዙ መዝገቦች ዋጋ የሚያጡት በዚህ ነው።

መያዝን በተመለከተ፣ ካልቆሰለች ወይም በክር ካልተተበተበች በስተቀር አይገባም። ረጅም መንገድ በርራ የመጣች ወፍ ያጣችውን ስብ መልሳ ለማጠራቀም ያለ ረብሻ መመገብና ማረፍ ይኖርባታል፤ ለተሻለ ፎቶ ተብሎ በተጠጉ ቁጥር የምታደርገው በረራ የቀራትን ጉልበት ያሟጥጣል። ከቆሰለች የዱር እንስሳት ባለሙያ ይጥሩ እንጂ ራስዎ አይንኳት።

ማስታወሻዎን ኢበርድ (eBird) በተባለው የወፍ ዕይታ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ካስገቡት ያልተለመዱ ዕይታዎችን የሚያጣሩ ገምጋሚዎች ይመለከቱታል፤ በአካባቢዎ የወፍ መዝገብ ኮሚቴ ካለም ለእርሱ ይላኩ። ያላዩትን ክፍል፣ ለምሳሌ እግሯ ውሃ ውስጥ ስለነበር ቀለሙን አለማየትዎን፣ በግልጽ ይጻፉ፤ በግምት ከተሞላ መግለጫ ይልቅ ክፍተቱን የሚናገር መግለጫ ለገምጋሚው ይበልጥ ይጠቅመዋል።